ችክችካ የሚያጋልጠው ጣት

(ድምፅ፦ ቤዝ ጊታር ብቻውን፣ በአንድ ክር ላይ፣ ዝግ ያለ ችክችካ። አሥር ሰከንድ ያህል ይሰማና ዝቅ ይላል።)

አሁን የሰማችሁት ቤዝ ጊታር ነው። ዜማ የለውም። አንድ ክር፣ አንድ ኖታ፣ ስድስት ስድስት እየሆነ የሚመላለስ የችክችካ ምት ብቻ ነው። እስቲ አንድ ጊዜ ልድገመውና በዚህኛው ጆሯችሁን ጣል አድርጉበት።

(ድምፅ፦ ያው ምት በያው ፍጥነት፤ አንዱ ጣት ግን ደከም ብሎ።)

ልዩነቱ ተሰማችሁ? ሁለተኛው ያነክሳል። ኖታው አልተለወጠም፣ ፍጥነቱም አልተለወጠም። ሌባ ጣቴ ክሩን የመታበት ጉልበትና መሃል ጣቴ የመታበት ጉልበት እኩል ስላልነበሩ ነው እንዲያ የሆነው። የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚያች ማነከስ፣ ከየት እንደምትመጣና እንዴት እንደምትድን ነው። ቤዝ ለጀመራችሁ ብቻ አይደለም የምናገረው፤ ዓመታት የተጫወታችሁም ጊታራችሁን አምጡና ተቀመጡ።

ቤዝ ጊታር አራት ክር አለው፤ ከወፍራሙ ጀምረን ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ እንላቸዋለን። ወፍራሙ ኢ ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፣ ቀጭኑ ጂ ደግሞ 98 ጊዜ ያህል። ይህን ዝግጅት በስልካችሁ ወይም በትንሽ ሬዲዮ እየተከታተላችሁ ከሆነ፣ ያን የ41ን እርግብግቢት ትንሿ ድምፅ ማጉያ አታወጣውም። ለጆሯችሁ የሚደርሰው ከእሱ በላይ አብረው የሚፈጠሩት ቀጫጭን ድምፆችና ጣት ክሩን ሲለቅ የምትሰማው አጭር መነሻ ናት። ወፍራሙን ድምፅ ጆሮ ራሱ ከእነዚያ ተነሥቶ ይሞላዋል። ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ ደጃፍ፣ ወጥ ቤት ያለች ሬዲዮ ላይ፣ ሰው ቤዙን የሚያገኘው በአብዛኛው በዚያች መነሻ በኩል ነው። መነሻዋ አንዴ ጎልታ አንዴ ከደከመች፣ አድማጩ ምክንያቱን መናገር ባይችልም ትከሻው ያውቀዋል፤ እስክስታው ቦታውን ያጣል።

የቤዝ ጊታር ታሪክ ረጅም አይደለም። ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ ፕሪሲዥን ቤዝ ያለውን ጊታር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ከዚያ በፊት ያንን ሥራ የሚሠራው ቁሞ የሚታቀፈው ትልቁ ኮንትራባስ ነበር፤ ብዙዎቹ የመጀመሪያ ቤዚስቶችም ጣታቸውን ይዘው የመጡት ከእሱ ነው። ከእነሱ አንዱ ጄምስ ጄመርሰን ነው። በ1960ዎቹ ዲትሮይት ከተማ፣ በሞታውን ስቱዲዮ ውስጥ ዓለምን ያዳረሱ ዘፈኖችን ሲያጅብ ስሙ በሸክላው ሽፋን ላይ አይጻፍም ነበር፤ በወጉ የሰፈረው ማርቪን ጌይ በ1971 ባወጣው «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ላይ ነው። ጄመርሰን ከኮንትራባስ ወደ ቤዝ ጊታር ሲሻገር ቀኝ እጁን አልለወጠም። በሌባ ጣቱ ብቻ ነበር የሚመታው። ያቺ ጣት «መንጠቆ» የሚል ስም ወጣላት።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ጣት ብቻ የሚሠራ ሰው ድምፁ ለምን ወጥ እንደሚሆን አስቡት። ርዝመቱ ያው፣ ቆዳው ያው፣ አቅጣጫው ያው ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሁለተኛዋ ጣት ስትመጣ ነው። አብዛኞቻችን ደግሞ ሁለተኛዋን እንፈልጋታለን፤ አንዷ ስትመታ ሌላዋ ታርፋለች፣ ረጅም ምሽትም ያለ ድካም ያልፋል።

አሁን ጊታሩን ለአፍታ አስቀምጡትና ቀኝ እጃችሁን እዩት። ጣቶቻችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ስትዘረጉ መሃል ጣት ከሌባ ጣት ትረዝማለች። እጃችሁን እንዲሁ ዘርግታችሁ ክር ላይ ብታሳርፉት መሃል ጣት ክሩን አልፋ ትሄዳለች፣ ሌባ ጣት ደግሞ ጫፏ ብቻ ይደርሳል። አንዷ በሥጋዋ፣ ሌላዋ በአፏ ትመታለች ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ድምፅ ደፈን ያለ፣ የሁለተኛዋ ሾል ያለ ይሆናል። ማስተካከያው መሃል ጣትን ከመገጣጠሚያዋ ትንሽ በይበልጥ ማጠፍ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች ከክሩ ጋር በአንድ መስመር እስኪቆሙ ድረስ። የእጅ አንጓችሁ ወደ ውስጥ በጣም ከታጠፈ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ ጅማቱም ይጎዳል። ክንዳችሁን በጊታሩ ጠርዝ ላይ አሳርፉና አንጓው ቀና ይበል። የሚያም ከሆነ አቁሙ። ሕመምን ችሎ መለማመድ የሚያተርፈው ነገር የለም።

ቆዳም አለ። ሰሞኑን የጀመራችሁ ጣታችሁ ውሃ ቋጥሮ ይሆናል፤ ይድናል፣ ይጠነክራል። ግን ሁለቱ ጣቶች እኩል ካልሠሩ እኩል አይጠነክሩም። የጠነከረ ቆዳ ድምፁ ይሾላል፣ የለሰለሰው ይደፈናል። ልብስ አጥባችሁ ወይም ዕቃ አጣጥባችሁ ወዲያው ጊታር ብታነሡ ድምፁ ሌላ ይሆንባችኋል፤ ከእጃችሁ እርጥበት ነው። ጥፍር በሁለቱም ጣት እኩል ይቆረጥ፣ አጭር ይሁን።

ወደ ክሩ እንመለስ። ጣት ክር ላይ ስታርፍ፣ ስትገፋና ስትለቅ ሦስት ነገር ነው የምታደርገው። ብዙ ሰው የሚያስበው ስለመግፋቱ ብቻ ነው። እኔ ግን ዋናው ማረፉ ነው እላለሁ። ለምን? ክሩ እየተርገበገበ ሳለ ቀጣይዋ ጣት ስትነካው የቀደመው ድምፅ እዚያው ይቆረጣል። መሃል ጣት ቸኩላ ቀድማ ካረፈች የሌባ ጣት ድምፅ ያጥራል፤ ሌባ ጣት ዘግይታ ካረፈች የመሃል ጣት ድምፅ ይረዝማል። ሁለቱን ምቶች በጉልበት እኩል ብታደርጓቸው እንኳ፣ አንዱ አጭር አንዱ ረጅም ሆኖ ያነክሳል። «እኩል እየመታሁ ነው፣ ታዲያ ለምን ደስ አይልም?» የምትሉ ካላችሁ፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ጣቷ መቼ እንደመታች ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥለው መቼ ተመልሳ እንደተቀመጠች አድምጡ።

አውራ ጣትስ? የምትጫወቱት ኢ ክር ላይ ከሆነ አውራ ጣታችሁ ፒክአፑ ላይ ትደገፍ። ወደ ኤ ስትሻገሩ አውራ ጣት ወርዳ ኢ ላይ ትተኛ። ወደ ዲና ጂ ስትሄዱም አብራ ትውረድ። ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ያልተመታው ወፍራም ክር አብሮ እንዳይጮህ ትይዘዋለች። ሁለተኛ፣ ጣቶቻችሁ ከአውራ ጣት ያላቸው ርቀት በየክሩ አይለዋወጥም፣ ስለዚህ ማዕዘኑም ጉልበቱም አይለዋወጥም። የምትመታዋ ጣት ደግሞ ክሩን ወደ ላይ አትንጠቀው፤ ወደ ጊታሩ አካል ገፋ አድርጋ አልፋው ከጎኑ ባለው ወፍራም ክር ላይ ትረፍ። መድረሻዋ የታወቀ ጣት ሁልጊዜ ያንኑ ያህል ነው የምትጓዘው።

ክራር የሚመቱ አድማጮቻችን ያልተመታን ክር ስለማፈን ሲሰሙ አይገርማቸውም። ክራር በመግረፊያ ሲመታ ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ ጠራርጎ ያልፋል፤ ዜማውን የሚያወጣው ግራ እጅ ነው፣ ያልተፈለጉትን ክሮች በጣቶቹ አፍኖ የተፈለገውን ብቻ በመልቀቅ። ማፈን የመጫወት ግማሽ ነው። ቤዝ ላይም እንደዚያው።

ለምን በችክችካ እንደጀመርኩ ልንገራችሁ። ለሠርግና ለምሽት ሥራ ዓመታት ቤዝ ይዤ ከዞርኩ በኋላ፣ አንድ ቀን ልምምዳችንን በስልክ ቀድቼ ማታ ቤት ብቻዬን አዳመጥኩት። አራት በአራት የሆኑት ዘፈኖች ደህና ናቸው። ችክችካው ሲመጣ ግን አንዱ ምት ቁጭ ይላል፣ ቀጣዩ ይንሳፈፋል፣ እንደገና ቁጭ፣ እንደገና ይንሳፈፋል። መጀመሪያ ድራመራችን መሰለኝ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ስሰማው ሃይሃቱ ቦታው ላይ ነው። የሚንሳፈፈው እኔ ነኝ። በጣም ነው ያዘንኩት፤ ስንቱን ሠርግ እንዲያ አጅቤ እንደሆነ እያሰብኩ አመሸሁ።

ምክንያቱን ያገኘሁት በማግሥቱ ጣቶቼን ስቆጥር ነው። አራት በአራት ላይ ጣት ስታፈራርቁ ሌባ፣ መሃል፣ ሌባ፣ መሃል ይሆናል። ጠንካራው ምት ሁልጊዜ በሌባ ጣት ላይ ይወድቃል፣ ደካማው ሁልጊዜ በመሃል ጣት ላይ። መሃል ጣታችሁ ብትደክምም ድካሟ እንደ ስልት ይሰማል፣ ማንም አያውቅባችሁም። ችክችካ ግን ስድስቱ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚከፈል ነው። ሌባ፣ መሃል፣ ሌባ፤ ቀጥሎ መሃል፣ ሌባ፣ መሃል። የመጀመሪያው ጠንካራ ምት ለሌባ ጣት ይደርሳታል፣ ሁለተኛው ጠንካራ ምት ለመሃል ጣት። መደበቂያ የለም። ለዚህ ነው ከባሕር ማዶ የመጡ የቤዝ መማሪያዎችን ጨርሶ የተለማመደ ልጅ፣ እዚህ መጥቶ ችክችካ ሲያጅብ ግር የሚለው። እኛ ግን ይህን ምት ከሕፃንነታችን ጀምሮ በትከሻችን እናውቀዋለን። ለጣት ልምምድ ከእሱ የተሻለ መምህር አላገኘሁም።

እንዲህ አድርጉት። ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርጉ፤ ስልክ ላይ በነፃ የሚገኘው ይበቃል። በሰከንድ አንድ «ጣ» ይላል። በእያንዳንዱ «ጣ» ውስጥ ሦስት ምት አስገቡ። ኤ ክር፣ አምስተኛው ፍሬት፣ አንድ ኖታ ብቻ። በሌባ ጣት ጀምራችሁ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ በመሃል ጣት ጀምራችሁ አምስት ደቂቃ። ማፈራረቁ አይቋረጥ። በአሥሩ ደቂቃ ውስጥ 1800 ምት መታችሁ ማለት ነው፣ ለእያንዳንዷ ጣት 900።

(ድምፅ፦ ሜትሮኖም በ60፤ ቤዝ፣ ሦስት ሦስት ምት። ግማሽ ደቂቃ።)

ዝግ ማለቱ አያሰልቻችሁ። ፍጥነት ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ በዝግታ ሲሆን ግን በሁለት ምት መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሰፊ ስለሆነ እያንዳንዷ ስሕተት ብቻዋን ትቆማለች።

ልምምዱን ቅዱት። ስልክ ላይ ያለው መቅጃ የድምፁን ሞገድ በሥዕል ያሳያል። የእያንዳንዱ ምት ቁመት እንደ ሚዶ ጥርስ እኩል መሆን አለበት። እኔ መጀመሪያ ስመለከተው አንዱ ጥርስ ረጅም አንዱ አጭር ሆኖ፣ በጆሮዬ ከሰማሁት በላይ ደነገጥኩ። ሥዕሉ ግን ሁሉንም አያሳይም፤ አንዱ ድምፅ ሾል ሌላው ደፈን ሲል ቁመታቸው እኩል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሌላም ፈተና አለ። ቅጂውን ሙዚቃ ለሚያውቅ ወዳጃችሁ አሰሙትና «በየትኛዋ ጣት ጀመርኩ?» ብላችሁ ጠይቁት። መለየት ካልቻለ ደርሳችኋል።

ማፈራረቁን ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንዷን ጣት ብቻዋን ማሠራት ያስፈልጋል። አንድ ደቂቃ በሌባ ጣት ብቻ፣ እንደ ጄመርሰን። አንድ ደቂቃ በመሃል ጣት ብቻ። የትኛዋ ቶሎ ትደክማለች? የትኛዋ ትጮሃለች? መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዳንዱ መሃል ጣቱ ከልክ በላይ ትበረታለች። እዚህ ላይ የምለምናችሁ ነገር ቢኖር፣ ደካማዋን ለማጠንከር አትሩጡ፤ ብርቱዋን ዝቅ አድርጓት። ሁለቱ የሚገናኙት ለስላሳው ላይ ነው።

ለስላሳ ስል ምን ማለቴ ነው? አምፕሊፋየሩን ከፍ፣ እጅን ዝቅ። ክር በኃይል ሲመታ ፍሬቱን ይመታል፣ ይንጫጫል፣ ለቅጽበትም ከቅኝቱ ከፍ ይላል። በዚያ ላይ ጉልበታችሁን በሙሉ ከተጠቀማችሁ፣ ዘፈኑ ከፍ ሲል የምትጨምሩት አይኖራችሁም። ጌሪ ዊሊስ የሚባለው አሜሪካዊ ቤዚስት ለዚህ ሲል ክሮቹ ሥር ቁራጭ እንጨት በማስገባት ይታወቃል። እንጨቱ ጣት ከሚገባው በላይ እንዳትሰምጥ ከሥር ይቀበላታል፤ ሁለቱ ጣቶች አንድ ዓይነት ጥልቀት ብቻ ይኖራቸዋል። የሰፈራችሁ አናጢ ልኩን ብትሰጡት በአጭር ጊዜ ይሠራላችኋል። የምትመቱበትን ቦታም አትለዋውጡ። ወደ ብሪጁ ስትጠጉ ክሩ ይጠነክራል፣ ድምፁ ይሾላል፤ ወደ አንገቱ ስትሄዱ ይላላል፣ ድምፁ ይወፍራል። እጃችሁ ሳታውቁት በሁለት ጣት ስፋት ቢንሸራተት እንኳ የተለየ ጊታር ነው የምትጫወቱት።

መብራት ሲጠፋ ብዙዎቻችሁ ያለ አምፕ ትለማመዳላችሁ። መልካም ነው፣ ግን አንድ አደጋ አለው። ድምፁ ስለማይሰማ ጣት ሳታስቡት ትከብዳለች፣ ከብዳም ትለምዳለች። መፍትሔው ቀላል ነው። አገጫችሁን በጊታሩ የላይኛው ቀንድ ላይ አሳርፉ። እርግብግቢቱ በአጥንታችሁ በኩል ወደ ጆሯችሁ ይመጣል። በጨለማ ውስጥ፣ አገጭ እንጨት ላይ ተደግፎ፣ ለስላሳ ችክችካ። የጣቶቼን ልዩነት እንደዚያን ጊዜ አጥርቼ የሰማሁት የለም።

አንድ ክር ላይ ሲስተካከል ወደ ሁለት ክር ውጡ። ከቀጭን ወደ ወፍራም ስትወርዱ ጣታችሁ ቀጣዩ ክር ላይ አርፋለችና በዚያችው ጣት ደግሞ መምታት ያምራችኋል። ብዙ ጥሩ ቤዚስቶችም ያደርጉታል፤ ነውር የለውም። ለልምምዱ ግን ለጊዜው ተዉት፣ ማፈራረቁን ጠብቁ። መዝለሉ ሲመጣ፣ ለምሳሌ ከኢ ወደ ዲ፣ አውራ ጣት አብራ ካልሄደች አንዷ ጣት ተንጠራርታ ትመታለች፤ ያ ምት ሁልጊዜ ይደክማል። የትዝታን አምስት ድምፆች ወጥታችሁ ውረዱ፣ እያንዳንዱን ድምፅ ሦስት ሦስት ጊዜ እየመታችሁ። እንደዚያ ሲሆን አንዱን ድምፅ ሌባ ጣት ትጀምረዋለች፣ ቀጣዩን መሃል ጣት። ከዚያ በባቲ፣ ከዚያ በአንቺሆዬ።

እጃችሁ ሲላቀቅ ሁለት ቤዚስቶችን አድምጡ። አንዱ የኛው ጆቫኒ ሪኮ ነው፤ በአይቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ ስንቱን ድምፃዊ አጅቧል። ዘፋኙንና ጊታሩን ለጊዜው ርሱና ከሥር ያለውን ብቻ ተከተሉ፤ ምቱ ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው እንዴት እንደማይዋዥቅ ትሰማላችሁ። ሌላው የታወር ኦፍ ፓወር ባንድ ቤዚስት የነበረው ፍራንሲስ ሮኮ ፕሬስቲያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣውን «ዋት ኢዝ ሂፕ» ፈልጋችሁ ስሙት። በአንዱ ምት ውስጥ አራት አራት ኖታ ያስገባል፣ ግራ እጁ ክሩን ስለሚያፍነው እያንዳንዱ ኖታ አጭርና ደረቅ ነው። ረጅም ድምፅ ቢሆን አንዱ ሌላውን ይሸፍነው ነበር። እዚያ መሸፈኛ የለም፣ እሱም መሸፈኛ አላስፈለገውም።

አሁን ቤዛችሁን አንሡና ከእኔ ጋር ምቱ። ሜትሮኖሙ 60 ላይ ነው። ኤ ክር፣ አምስተኛው ፍሬት፣ አውራ ጣት ኢ ላይ። ሌባ ጣት የለመደችውን ቦታ ዛሬ ትልቀቅ፤ በመሃል ጣት ነው የምንጀምረው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…

(ድምፅ፦ ሜትሮኖም በ60፤ ቤዝ፣ ሦስት ሦስት ምት። ሁለት ደቂቃ ይቆይና ቀስ እያለ ይጠፋል።)